የማነበው እስከ ሦስተኛ ነው

በቪዲዮው ላይ የሚሰማው ድምፅ የእኔ ነው። መጀመሪያ ይህን ልናገር። ከዚያ በኋላ የሆነውን የሚያወራ ሰው ሁሉ «ሚዲያው ነው እንዲህ ያደረጋት» ይላል፤ እኔ ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ዜና ስሠራ ስለኖርኩ ባለቤቱ የማይታወቅ ዓረፍተ ነገር አልወድም። ያደረግነው ሰዎች ነን። አንዷ እኔ ነኝ።

ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም። በኅዳር፣ እሁድ ጠዋት፣ እንጅባራ ላይ የተቀረፀ ነው። ውርጩ ከሜዳው ሣር ላይ ገና አልለቀቀም ነበር። የዞኑ ወጣቶች የሩጫ ውድድር ስለነበር ለምሠራበት ሬዲዮ ልዘግብ ሄጃለሁ። ውድድሩን በድምፅ ማጉያ የሚያስተዋውቀው ሰው መኪና አጥቶ ጥሊሊ ቀረ። ከአዘጋጆቹ አንዱ ማይኩን ይዞ ወደ እኔ መጣና «አንቺ ለፈረሱ ትናገሪ የለም እንዴ፣ ሰው ደግሞ ምን ያቅትሻል?» አለኝ። አጠገቡ የቆሙት ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ማይኩን ተቀበልኩ።

የፈረሱን ነገር ማስረዳት አለብኝ። በጥር ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ፣ በእኛ መንደር ልማድ፣ ፈረሱ ከመጋለቡ በፊት በሕዝቡ ፊት ቀስ ብሎ ያልፋል። ያን ጊዜ ተናጋሪው የፈረሱን አካል ከኮቴው ጀምሮ ወደ ላይ ያወሳል። ቁርጭምጭሚቱን፣ ጭኑን፣ ሽንጡን፣ ደረቱን፣ አንገቱን። ሕዝቡ ሁሉ ፈረስ ያውቃልና የሚያጋንን ተናጋሪ እዚያው ይሳቅበታል። አባቴ ፈረሰኛ ነበር። ልጅ ሆኜ አጥሩ ሥር ያቆመኝና «ምን ታያለሽ?» ይለኛል። «ዳማ ፈረስ» ካልኩት «ቀለሙንማ ማንም ያየዋል፤ እግሩን ንገሪኝ» ይላል። ያየሁትን ብቻ፣ በቅደም ተከተል፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ መናገርን የተማርኩት እዚያ ነው። ለጀማሪ ዘጋቢዎች ሥልጠና ስሰጥ ይህን ታሪክ ሁልጊዜ እነግራቸው ነበር። ይወዱታል።

የሴቶቹ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ሊጀመር ሯጮቹ መነሻው መስመር ላይ ተሰለፉ። ከመካከላቸው አንዷን አየሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለ የገጠር መንደር የመጣች፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ ከቤተሰቧ ጋር ከሰል የምታከስል ልጅ ናት። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን በኋላ ነው። ያን ጠዋት ያየሁት አካሏን ነበር። ያየሁትን መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ ተናገርኩ።

«እግሯን እዩልኝ። ቁርጭምጭሚቷ ቀጭን፣ ጭኗ ደንዳና። ሽንጧ ረጅም ነው። ደረቷ ሜዳ፣ ትከሻዋ የወንድ ትከሻ፣ አንገቷ የድንጉላ ፈረስ አንገት። ይህች ለሩጫ የተሠራች ናት።»

ሕዝቡ አጨበጨበ። እሷም አሸነፈች። ሁለተኛዋ ከመጨረሻው መታጠፊያ ስትወጣ እሷ ጨርሳ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትተነፍስ ነበር።

ውድድሩ እንዳበቃ ጋቢ የለበሰ፣ ጣቶቹ ከከሰል የጠቆሩ ሰው በሕዝቡ መሀል ተጋፍቶ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። የልጅቷ አባት ነው። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ።

«ልጄን እንደ ፈረስ አየሽልኝ» አለኝ።

ፈረስ በሚያውቅ ሰው አፍ ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም። ደስ አለኝ። በሜዳው ዳር የተደገኑትን ስልኮች አይቻቸዋለሁ፤ አዲስ ነገር ስላልሆነ ልብ አላልኳቸውም።

በዚያ ሰሞን በእኛ አካባቢ የስልክ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ድምፅ አንዳንዴ ይሠራል፣ ዳታ የለም። ስለዚህ ከቀረፁት አንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ በለቀቀው ቪዲዮ አገር ሁሉ ስለ ልጅቷ ሲያወራ መንደሯ አልሰማም፤ እኔም አልሰማሁም። አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ። በአዲስ አበባ የስፖርት ፕሮግራም አዘጋጅ መሆኑን የነገረኝ ሰው፣ በጣም ትሑት በሆነ አነጋገር፣ «ስለ ሯጯ ጉዳይ» አስተያየቴን እንደሚፈልግ ነገረኝ። የትኛው ጉዳይ እንደሆነ ስጠይቀው መስመሩ ተቋረጠ። ያሸነፈችበትን ሰዓት ሊጠይቀኝ መስሎኝ መልሶ ሲደውል እንዳልቸገር በወረቀት ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥኩለት።

ከሳምንት በኋላ አሰልጣኟ ወደ ቢሮዬ መጣ። በትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪዋ የነበረ፣ አሁንም ጠዋት ጠዋት አዲስ ቅዳም አስፋልት ዳር ወጣቶችን የሚያሠራ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ነገሩን ሁሉ በቀልድ የሚጀምር ሰው ነው። ያን ቀን ሳይቀልድ ተቀመጠ። ለጉዳይ ባሕር ዳር ሄዶ እዚያ ኢንተርኔት ሲያገኝ ያወረደውን ቪዲዮ ስልኩ ላይ ከፈተና ወደ እኔ ገፋው።

ድምፄ ነው። አገውኛውን ቆርጠው አማርኛውን ብቻ አስቀርተዋል። «ደረቷ ሜዳ» ስል ምስሉ ይቆምና ደረቷ ላይ ቀይ ክብ ይሳላል። «ትከሻዋ» ስል ወደ ትከሻዋ ይቀርባል። ጉሮሮዋን ለብቻ አጉልተው አሳይተዋል። ከላይ «ሴት ናት ወይስ ወንድ?» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ ያለውን አስተያየት አሰልጣኙ እየቆጠበ አሳየኝ፤ ጣቱን አንዳንዱ ላይ እያደረገ ያልፋል። ቀጥሎ ሌላ ቪዲዮ ከፈተ። በስቱዲዮ ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ወንዶች ተቀምጠው፣ ሱፍ ለብሰው፣ ስለዚሁ ይወያያሉ። አንደኛው «ማንንም ለመንካት አይደለም» ብሎ ይጀምርና ስለ ዳሌዋ ያወራል።

«እኔ ስሮጥ ይህን ሆዴን አይቶ እርጉዝ ነህ ያለኝ የለም» አለ አሰልጣኙ። ለመሳቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም።

ከዚያ ዋናውን ነገረኝ። ከኅዳሩ ውድድር በኋላ አንድ የአዲስ አበባ ክለብ ልጅቷን መርጧት ነበር። ከጥምቀት በኋላ ትገባለች ተብሎ ጎረቤት ሳይቀር መርቋታል፤ ወንድሟ ሻንጣ ገዝቶላታል። ሌላ የሚጠብቃት ነገር የለም። ወይ ክለቡ፣ ወይ ከሰሉ። አሁን ግን ከክለቡ ደውለው «ለራሷ ጥቅም» ሲባል ሴትነቷን የሚያረጋግጥ የሐኪም ወረቀት ይዛ እንድትመጣ ጠይቀዋል።

«ያስገባሻት አንቺ ነሽ» አለኝ። «አንቺው አውጫት።»

እሺ አልኩት። በእኛ ሥራ ስህተት ሲተላለፍ እርማት ይነገራል። የቀበሌ ስም ተሳስቼ፣ የአንድ ሰው ማዕረግ ተሳስቼ አርሜ አውቃለሁ፤ አላፍርበትም። አሰልጣኙ ከሄደ በኋላ ወረቀት አወጣሁና ለመጻፍ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የማርመው ነገር የለም። ቁርጭምጭሚቷ ቀጭን ነው። ትከሻዋ ሰፊ ነው። የተናገርኩት አንድም ውሸት የለበትም። «ሴት መሆኗን እናረጋግጣለን» ብዬ ጻፍኩና ጮክ ብዬ ሳነበው ራሱ ስድብ ሆኖ ተሰማኝ፤ ሰረዝኩት። በሦስተኛው ሙከራዬ አርታኢዬ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ አነበበና፣ ይህን ብናሰማ ያልሰማው የአገሬው ሰውም ሊሰማ ነው፣ ተይው አለኝ። ልክ ነበር። ዳታ ያልደረሰበት ቤት ሁሉ የእኛ ሬዲዮ ይደርሳል።

ያ ትሑት ሰው እንደገና ሲደውል እኔ ተዘጋጅቼ ነበር። በቀጥታ ስርጭት በስልክ እንድገባ ጠየቀኝና ተስማማሁ። ማስረጃ የያዘ ሰው አይሸነፍም ብዬ አምን ነበር፤ ሙያዬም የቆመው በዚያ ላይ ነው። መረጃዬን ሰብስቤ በተራ ጽፌያለሁ። አሰልጣኟን፣ የትምህርት ቤት መዝገቧን፣ የመንደሩን ሰው ጠይቄያለሁ። ከሁሉም ጠንካራ የመሰለኝን መጨረሻ ላይ አስቀመጥኩ። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። እሷ የተነሣችው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያጠመቋት ቄስም በሕይወት አሉ፣ ያስታውሳሉ።

ይህን ስናገር በስቱዲዮው ውስጥ አንድ ሰው ሲስቅ ሰማሁ። አዘጋጁ በዚያው ትሕትናው «ስለዚህ ምርመራውን ቄሱ አካሂደዋል ማለት ነው?» አለኝ። ሳቁ ጨመረ። እኔ ሳልናደድ፣ ድምፄን ሳልለውጥ፣ ነጥቤን ደገምኩ። በማግስቱ አዲስ ቪዲዮ መውጣቱ በስልክ ተነገረኝ። ርዕሱ «ጋዜጠኛዋ ማስረጃው ክርስትናዋ ነው አለች» ይላል። ድምፁ አሁንም የእኔ ነው። ፊተኛውን ያላየ ሰው ይሄኛውን አይቶ ወደ ፊተኛው ሄደ። ለጥያቄው መልስ በመስጠቴ ጥያቄው መጠየቅ የሚገባው እንዲመስል አድርጌያለሁ። አንድ ጀማሪ ዘጋቢ ይህን ቢያደርግ ለይቼ እነግረው ነበር።

ወደ ቤታቸው የሄድኩት ከገና በፊት ነው፤ ከአሰልጣኙ ጋር። ከአዲስ ቅዳም በባጃጅ እስከምትደርስበት ደርሰን ቀሪውን በእግር ሄድን። መንገዱ ግራና ቀኙ ዲከረንስ ነው፤ በአካባቢው ሰው ሁሉ ለከሰል የሚተክለው ዛፍ። በየመሀሉ አፈር የለበሰ የከሰል ክምር ይጨሳል። አባትየው ክምሩን ትቶ መሄድ ስለማይችል ጫካው ውስጥ ነበር። ኢንተርኔት ስላልነበረ እስከዚያ ቀን ድረስ የተባለውን አልሰማም፤ ከአሰልጣኙ የሰሙት ሚስቱም ልጁም አልነገሩትም።

እናትየዋ በር ላይ ተቀበለችን። ተነሥታ ወንበር ጠረገችልኝ፤ እንግዳ ነኝና። ከዚያ በአገውኛ ተናገረች፣ ቀስ ብላ።

«ሰማንያውን ቀን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ያጠብኳት እኔ ነኝ። አንቺ ለምን ትናገሪዋለሽ?»

ልረዳት ብዬ እንደሆነ ነገርኳት።

«አንቺም ሴት ነሽ» አለች። «አንቺን ገልጦ ያየሽ ማን ነው? ለማንስ ተናገረ?»

በዚህ መሀል ልጅቷ ከጫካው መጣች። የከሰል ጆንያ በጀርባዋ ተሸክማለች። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ገመዱን ከትከሻዋ ላይ አወለቀች፤ ገመዱ ያረፈበት ቦታ በልብሷ ላይ እንኳን ይታወቃል። ያን ትከሻ ሕዝብ ፊት ስናገር ከየት እንደመጣ አልጠየቅሁም ነበር። አንድ ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ «ከልጅነቷ ጀምራ ከሰል ተሸክማለች» እል ነበር፤ ያም እውነት ነው፣ ለቪዲዮ ግን አይመችም።

እጇን ታጥባ ሰላም አለችኝ፣ አጎንብሳ፤ «እትዬ» ብላ። ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ስለ ክለቡ፣ ስለ ወረቀቱ አሰልጣኙ ሲያወራ እሷ እግሯ ሥር ያለውን መሬት ታያለች። በመጨረሻ ቀና አለች።

«እትዬ፣ ያን ቀን የወንዶቹንም ሩጫ የተናገሩት እርስዎ ነዎት አይደል?»

አዎ አልኳት።

«የእነሱንስ ደረት ተናግረዋል?»

ለሁሉም ያየሁትን ነው የምናገረው አልኳት። ልማዳችን እንደሆነ፣ ለፈረስም ለሰውም ለወንድም ለሴትም እንደዚያ እንደምናገር፣ አባቷም ቢሆን የተደሰተው ለዚህ እንደሆነ ነገርኳት። ቅጂው እንዳለኝም ጨመርኩ።

«ይስሙት እንግዲህ» አለች። ምንም ቁጣ አልነበረባትም።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ በር ዘጋሁና ሰማሁት። የወንዶቹ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር ከሴቶቹ ቀድሞ የተካሄደ ነው። ስለ መሪው ከአዘና መምጣቱን፣ ማን እንዳሠለጠነው፣ ባለፈው ዓመት ስንተኛ እንደወጣ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው ጉልበቱን ለመጨረሻው ዙር እየቆጠበ መሆኑን ተናግሬያለሁ። የአንዱ ጫማ መቀደዱን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። ስለ ማንም ወንድ ደረት፣ ጭን፣ አንገት አንድ ቃል የለም። ወደ ሴቶቹ አለፍኩ። እሷን ብቻ አይደለም። አንዷን «ደቃቃ» ብያታለሁ፣ አንዷን «ወገቧ የሚያምር»፣ አንዷን «እናቷ ምን አብልታት ነው» ብዬ ሕዝቡን አስቄያለሁ። ከየት እንደመጡ የነገርኩት የሁለቱን ብቻ ነው።

የቆዩ ቅጂዎችን አወጣሁ። ምሳዬን ሳልበላ እስከ አሥር ሰዓት ሰማሁ። ለራሴም፣ ለአሰልጣኙም፣ ለልጅቷም ሳቀርበው የነበረው ምክንያት፣ ልማዳችን ነው፣ ፈረስ ነው፣ ለሁሉም ነው ያልኩት፣ በገዛ ድምፄ ፈረሰ። ፈረስ ያደረግኋቸው ሴቶቹን ብቻ ነው። ወንዶቹን ሯጭ ነበር ያደረግኋቸው።

ይህን እውነት ካገኘሁ በኋላ ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ጽፌ ለአርታኢዬ ሰጠሁት። አንብቦ፣ ጥሩ ነው፣ ግን እንደገና ልጅቷን መጥራት ይሆናል አለ። አሁንም ልክ ነበር። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።

ክለቡ የጠየቀውን የሐኪም ወረቀት ነገር እናትየዋ ናት የነገረችኝ፤ ያን ጊዜ እንደ ባዳ ሳይሆን የመጣባትን ለሰው እንደምታካፍል ሴት። ልጇን ይዛ ወደ ጤና ተቋም ሄደች። የተቀበለቻቸው አዋላጅ ነርስ ደግ ሴት ነበረች። ምን እንዳመማት ጠየቀች። ምንም አላመማትም አለች እናትየዋ፤ ሴት ናት ብለሽ ጻፊልን። ነርሷ ብዙ ዓመት ስትሠራ እንዲህ ያለ ወረቀት ጽፋ እንደማታውቅ፣ ለዚህ ዶክተር ማየት እንዳለበት፣ ዶክተሩም ልብሷን አውልቃ ሊመረምራት እንደሚገባ በዝግታ አስረዳቻቸው። ወንበር ላይ ቆዩ አለቻቸው። ተራቸውን ሲጠብቁ ማዶ ያለች አንዲት ወጣት ልጅቷን አየት አደረገች፣ ደግማ አየት አደረገች፣ አጠገቧ ወዳለችው ዘንበል ብላ አንሾካሾከች። ምናልባት ስለ ሌላ ነገር ይሆናል። ልጅቷ ተነሣች።

«እኔ አላመመኝም» ብላ ወጣች። እናቷ ተከተለቻት።

ክለቡ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ተወ።

በጥር ኢንተርኔቱ ተመለሰና ሌላው አገር የጠገበውን የእኛ ሰው ማየት ጀመረ። በፈረሱ ትርዒት ላይ ማይኩን እንድይዝ እንደ ወትሮው ተጠራሁ። እምቢ ልል አስቤ ነበር፤ ምክንያቱን ማስረዳት ስለሚኖርብኝ ሄድኩ። አንድ ዳማ ፈረስ ሲያልፍ ከቁርጭምጭሚቱ ጀመርኩ። ሽንጡ ላይ ስደርስ ከሕዝቡ መሀል አንዱ «የልጅቷንም ጨምሪልን!» ብሎ ጮኸ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔ ድምፄን ሳልቀይር የፈረሱን ደረት ተናግሬ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ይህን ችሎታዬን ሰዎች ያደንቁልኛል።

ከመድረኩ ስወርድ አባቷን ከማጉያው ምሰሶ ሥር ቆሞ አገኘሁት። እንደ ኅዳሩ ያንኑ ጋቢ ለብሷል። ቪዲዮውን በስልክ እንዳሳዩት ከፊቱ አወቅሁ። ሰላም አልኩት፤ «እንዴት ሰነበቱ አባቴ?» አልኩ። እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም።

«ያን ቀን እጅሽን ጨብጬሻለሁ» አለኝ።

ወደ ሰዉ ተመልሶ ገባ።

የቀረው አንድ በር ነበር። በየካቲት ዳንግላ ላይ በሚደረገው ውድድር እስከ ሦስተኛ የሚወጡ ለክልሉ ምርጫ ባሕር ዳር ይሄዳሉ። እዚያ የሚያዩ ሌሎች ክለቦች አሉ። አሰልጣኙ ሁለት ሳምንት ሙሉ ለመናት። ዳንግላ ላይ የሚያሸንፋት እንደሌለ ያውቃል፤ ሰዓቷን ይዞ ነበር፣ አሳይቶኛል፤ ከኅዳሩ የተሻለ ነው። በመጨረሻ እሺ አለችው። አዘጋጆቹ ማይኩን ለእኔ ሰጡ። እኔም የወሰንኩትን ለአሰልጣኙ ነገርኩት፤ ቁጥር፣ ስም፣ ቀበሌ፣ ሰዓት፣ ሌላ ምንም።

ያን ቀን ዳንግላ ሞቃት ነበር። ሌሎቹ ቁምጣ ለብሰዋል። እሷ ሰፊ የስፖርት ሱሪ፣ ከላይ እስከ ጉልበቷ ሊደርስ ጥቂት የቀረው የወንድሟን ሹራብ ለብሳ መጣች። ሩጫው ከመጀመሩ በፊት ብቻዋን ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ስሜን አይጥሩት።»

ባልጠራው ደስ ይለኝ እንደነበር ነገርኳት። ግን ውጤት ይፋ ካልሆነ ውጤት አይደለም፤ ባላነበው ነገ ሌላ ሰው ተነሥቶ አልተመዘገበችም ሊል ይችላል። ለእሷ ብዬ ነው የምለው፤ ሕጉ ይጠብቅሻል አልኳት። ስምና ሰዓት ብቻ እንደማነብ፣ ከዚያ ውጪ አንድ ቃል እንደማልጨምር ቃል ገባሁላት።

«ስንተኛ ድረስ ነው የሚያነቡት?»

«እስከ ሦስተኛ።»

«ከዚያ በኋላ ያለውስ?»

«አላነብም።»

«እሺ» አለች። አጎንብሳ አመሰገነችኝና ወደ መስመሩ ሄደች።

ከተነሡ ጀምሮ መራች። በዚያ ሹራብ ውስጥ ሆና መራች። ሁለት ዙር እስኪቀር ከተከታይዋ ጋር የነበራት ርቀት እየሰፋ ሄደ። ማይኩን ይዤ «መሪዋ አሥራ አራት ቁጥር» ከማለት በቀር አልተናገርኩም። የመጨረሻውን መታጠፊያ ስትወጣ በሜዳው ዳር ያለው ሰው ስልኩን አነሣ። አንድ ሁለት አይደለም፤ ረድፉ በሙሉ ተነሣ። ከመካከላቸው አንዱ የስቱዲዮውን ሰውዬ አነጋገር አስመስሎ «ማንንም ለመንካት አይደለም» አለ፤ አጠገቡ ያሉት ፈነዱ።

እሷ ወደ ስልኮቹ አላየችም። ወደ ጠረጴዛዬ አየች። ከዚያ እርምጃዋን ቀነሰች።

ደክሟት ነው ብዬ ብመዘግብ ደስ ይለኝ ነበር። አልደከማትም። ትንፋሿ አልተቆራረጠም፣ እግሯ አልተሳሰረም፤ ሰው ጠላ ተሸክሞ እንዳይፈስበት እንደሚያደርገው ቆጥባ ሮጠች። አንዷ አለፈቻት። ሁለተኛዋ አለፈቻት። ሦስተኛዋ ሩቅ ስለነበረች ጠበቀቻት። አሰልጣኙ ከመስመሩ ውጪ ሆኖ ስሟን እየጠራ ይጮህ ነበር፤ ከዚያ መጮህ አቆመ። ሦስተኛዋ ስታልፋት ከኋላዋ ያለውን ቦታ ለክታ ተከትላት አራተኛ ገባች።

ማይኩ በእጄ ነበር። ያን ሁሉ ሕዝብ ዝም ማሰኘት የሚችል ማጉያ በእጄ ነበር። ምንም ብናገር ግን አካሏን እንደገና ወደ መሀል አመጣው ነበር።

አሰልጣኙ መጥቶ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ምን ብለሻት ነው?» አለኝ። ሕጉን እንደነገርኳት ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

የውጤት ወረቀቱ መጣልኝ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ ስም፣ ቀበሌ፣ ሰዓት። አነበብኩ። በማጉያው ሽቦ መላላት ምክንያት በወዲያኛው በኩል ያሉት እንዳልሰሙ ተነገረኝና እንድደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩት፣ ድምፄን ሳልለውጥ።

ለሁለተኛ ጊዜ ሳነብ እሷ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሕዝቡ መሀል ወደ መኪና መናኸሪያው ትሄድ ነበር። ስልኮቹ ወደ ሦስቱ ዞረዋል። ስሟ አልተጠራምና ማንም ዞር ብሎ አላያትም።